የስድስተኛው ደብተር ጠርዝ

በዚህ ዓመት ጥር ሃያ አራት ቀን፣ እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ በሚገኝ አንድ የጸሎት ቤት ውስጥ፣ ንብረትነቱ የእኔ የሆነ በእጅ የተጻፈ ደብተር በጥቁር ቆዳ ተጠርዞ፣ በወርቃማ ቀለም መስቀል ታትሞበት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለምእመናን ታየ። ከመጠረዙ በፊት የደብተሩ የውጭ ጠርዝ በማተሚያ ቤት መቁረጫ፣ በአውራ ጣት ስፋት ልክ ተቆርጧል። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ጽሑፍ ነበረበት። ድርጊቱ የተፈጸመው ያለ ፈቃዴና ያለ ዕውቀቴ ነው፤ ይባስ ብሎ ምክንያቱ እኔው ያቀረብሁት ጥያቄ ነው። ይህን የምጽፈው አንድ መልስ ለማግኘት ነው። ጥያቄውን መጨረሻ ላይ አኖረዋለሁ፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የማያውቅ ሰው፣ ወደ ሰባ የተጠጋች ሴት ስለ አውራ ጣት ስፋት ወረቀት ለምን እንደምትሟገት አይገባውም።

የዚያን ዕለት የሣጥኑ ክዳን ለጸሎት ሲነሣ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለነበር ሽታው ደረሰኝ። የማጣበቂያና የአዲስ ቆዳ ሽታ ነበር። ደብተሩ ግን የራሱ ሽታ ነበረው፤ የላቦራቶሪ አልኮል ይሸት ነበር። የጻፈችው ሴት በቀን ሃያ ጊዜ እጇን በአልኮል የምታጸዳ ስለነበረች የነካችው ሁሉ ያንን ይሸታል፤ እርሳሷ፣ ዳቦዋ፣ የሹራቧ እጅጌ፣ ሰላም ስትለኝ የጨበጠችው መዳፌ። ምእመናኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያመሰግኑ እኔ ዓይኔን ገልጬ የጠፋውን ሽታ እፈልግ ነበር።

እሷን ያወቅሁት በክብሪት ቀፎ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ለምርመራ ሰገራ የሚወሰደው በባዶ የክብሪት ቀፎ ነበር፤ የዛሬ ወጣቶች ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ እኛ ግን ክብሪቱ እስኪያልቅ በትዕግሥት እንጠብቅ ነበር። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከአጥር ውጭ ኦሮምኛ እየተናገርሁ ያደግሁ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አንድ የክረምት ጠዋት ቀፎዬን በመሐረብ ጠቅልዬ ከሆስፒታሉ ላቦራቶሪ መስኮት ፊት ቆምሁ። ከውስጥ ያለችው ሴት ግራጫ ጉርድ፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ የወንድ የሱፍ ካልሲና የወንድ ጫማ ለብሳለች። ስሟ ፍሬዳ ነበር፤ ከተማው አዴ ፍሬዳ ይላታል፣ አዴ በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነውና። ናሙናዬን አዘጋጅታ ካየች በኋላ ሌሎቹን በሽተኞች እንደምትልክ አልላከችኝም። በሯን ከፈተችልኝ።

«ኮቱ፣ ሜይደሌ» አለችኝ። የመጀመሪያው ቃል በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የራሷ ነው፣ ትንሿ ልጅ ማለት ነው። «ነይና ያስቸገረሽን እንስሳ በዓይንሽ እዪው።»

በአጉሊ መነጽሩ ውስጥ አየሁት። ለሳይንስ የተጠራሁ መስሎኝ ነበር፤ የተጠራሁት ለቋንቋ ኖሯል። አዴ ፍሬዳ የፖላንድ አይሁዳዊት ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ አገር ለአገር ስትዞር ቆይታ ነቀምቴ የገባች፣ ባል የሌላት፣ ደብዳቤ የማይደርሳት ሴት። አፏን የፈታችበት ቋንቋ ይዲሽ ይባላል፤ የምሥራቅ አውሮጳ አይሁዶች ቋንቋ ነው፣ አካሉ ለጀርመንኛ የቀረበ፣ የሚጻፈው ግን በዕብራይስጥ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ። ለእሷ ይህ የጸሎት ቋንቋ አልነበረም፤ የገበያ፣ የስድብ፣ የፍቅርና የጋዜጣ ቋንቋ ነበር። በከተማው ውስጥ የሚያናግራት ስላልነበረ፣ እኔ ከሰዓት በኋላ በሽተኛ ሲቀንስ እየሄድሁ ብልቃጥ ሳጥብላት፣ ብልቃጥና ውኃ የሚባሉትን በይዲሽ ነገረችኝ። ቀጥሎ ግሡን፣ ቀጥሎ ስድቡን። በሁለት ዓመት ውስጥ ማንበብ ቻልሁ። ለምን እንደተማርሁት ዛሬም ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ማወቅ ደስ ይለኝ ነበር እላለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ያ ነቀምቴ ሌላ ነቀምቴ ነበር ማለት የሽማግሌ ልማድ ነው፤ ሆኖም ነበር። ከሆስፒታሉ በር እስከ ገበያው የሚወርደው መንገድ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ፣ በበጋ ቀይ አቧራ ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር በጥቂት ሳንቲም ይገኛል፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ አለበት። ጎረምሶቹ ቦላሌያቸውን እየጎተቱ ጎፈሬያቸውን በእጅ እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ እኛ ሴቶቹ የቴትሮን ጉርዳችንን ከጉልበት በላይ አጥፈን ትምህርት ቤት በር ስንደርስ መልሰን እንዘረጋለን። መታጠፊያው ላይ የኦቦ ዲንሳ የጨርቅ ሱቅ ነበር፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ነው። ኦቦ ዲንሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሜትሩን እንደ ሐብል አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል፣ በኃይለኛ እምነቱ የታወቀ ጴንጤ ነው፤ አቡጀዲድ ሲለካ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ የመዝሙሩ አንድ ስንኝ ከአንድ ሜትር ጋር እኩል ያልቃል። አዴ ፍሬዳ ክርና ቁልፍ የምትገዛው ከእሱ ነው። የነቢያት ወገን መሆኗን ስላወቀ ባገኛት ቁጥር ቅዱሳት መጻሕፍትን በዕብራይስጥ ታነብ እንደሆነ ይጠይቃታል።

«እኔ የማነበው ጋዜጣና ሰገራ ብቻ ነው፣ ኦቦ ዲንሳ» ትለዋለች።

እሱ እየሳቀ ቁልፉን ይቆጥርላታል፤ አንድም ቀን አላመናትም። ትሕትና ይመስለው ነበር።

የምትጽፈውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። በወጣትነቷ በትውልድ ከተማዋ አሥራ አንድ ልጆች ቀን ልብስ እየሰፉ፣ ሲመሽ በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ቲያትር ይሠሩ ነበር። ከአሥራ አንዱ ከጦርነቱ የተረፈችው እሷ ናት፤ ጽሑፉም አልተረፈም። ስለዚህ ነቀምቴ ላይ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ ባለበት ደብተር፣ የተጫወቱትን ሁሉ ከራሷ አውጥታ ትጽፍ ነበር። እያለቀሰች የምትጽፍ አድርጎ የሚገምት ካለ ተሳስቷል። ከማስታወሷ ጋር መስመር በመስመር ትጣላ ነበር። ያላስታወሰችውን ከራሷ አትሞላም፤ ነጥብ ነጥብ አድርጋ ታልፈዋለች። «የሌለውን ከጻፍሁ አሥሩን ሁለተኛ ጊዜ ገደልኋቸው ማለት ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ብልቃጥ እየደረደረች፣ ስለ አየር ሁኔታ በምትናገርበት ድምፅ። በትምህርት ዓለም አርባ ዓመት ስቆይ ከዚህ የበለጠ የአርትዖት መመሪያ አልሰማሁም።

ደብተሮቹ ስድስት ነበሩ። አምስተኛውና ስድስተኛው አንድ ኮሜዲ ይይዛሉ፤ ባለ ሦስት ክፍል የሠርግ ጨዋታ ነው። አንድ አባት ልጁን ለሁለት ባለጋብቻዎች በአንድ ሳምንት ቃል ይገባል። ባለጋብቻ ስል በክፍያ የሚያጋባ ደላላ ማለቴ ነው፤ ለአዴ ፍሬዳ እዚህ ወለጋ ሙሽራ የሚጠየቀው ጃርሳ በሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ ያለ ኮሚሽን እንደሆነ ስነግራት የምር ደነገጠች፤ ያለ ደላላ ምን ያስቃችኋል አለችኝ። በሁለተኛው ክፍል ደላላው ሞይሼ የሚባለውን ሙሽራ፣ የሚያነክሰውን ውኃ ሻጭ፣ በዘፈን ያሞግሰዋል፤ አንዱ እግሩ ስለሚያጥር ከቤት አይርቅም፣ አንዱ ዓይኑ ስለማያይ ወጥ ሲያርርብሽ አይቆጣም ይላል። ይህን ዘፈን ወደ አማርኛ መልሼ ለክፍሌ ልጆች አስተማርኋቸው። እነሱ ኦሮምኛ ጨመሩበት፤ ከዚያም በሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ላይ ዘፈኑት፣ ሰውዬው በእውነት ያነክስ ነበርና። ሦስት ቀን ተባረርሁ።

ሙሽራዋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ናት። ይጠሯታል፣ ይገምቷታል፣ ይዋዋሉባታል፤ አንድ ቃል አትተነፍስም። በሦስተኛው ክፍል መጋረጃውን ገልጣ ትወጣና ትናገራለች። ያንን ክፍል የተጫወተችው ራሷ አዴ ፍሬዳ ነበረች፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ምን እንደምትል ስጠይቃት አንድም ቀን አልነገረችኝም። «ማንበብ ስትችዪ አንብቢው፤ ሙሽራን በወሬ አይሰሟትም» ትለኛለች።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ እንዴት እንደተለወጠ ሌሎች ጽፈውታል። የውጭ አገር ሠራተኞች አንድ በአንድ ተሰናበቱ። አዴ ፍሬዳ ስትሄድ የያዘችው አንድ ሻንጣ ነው። ስድስቱን ደብተሮች በላቦራቶሪ ጋዋን ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እሷ በምትሄድበት አገር የሚያነብላት ሰው መኖሩን አታውቅም፣ እኔን ግን ታውቀኛለች። ሁለት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ሦስተኛው አልመጣም። እኔም እንዳዘዘችኝ በቅደም ተከተል፣ በቀን አንድ ገጽ አነበብሁ። ስድስተኛውን በጀመርሁበት ሳምንት ቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። አምስቱ እናቴ ዱቄት ሥር ናቸው፤ ስድስተኛው የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከታች ፈታሾቹ መንገዱን ይዘው ሲወጡ አየሁ። ፊደሉን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ እፈራለሁ። ኦቦ ዲንሳ ሱቅ ገባሁና ደብተሩን መደርደሪያው ላይ አኖርሁት።

«ምንድነው፣ ኢንተላ?» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው።

እውነቱን ብነግረው፣ ማለትም የሠርግ ቀልድ ነው ብለው፣ አይቀበለኝም ነበር፤ ሚስትና አራት ልጆች ያሉት ሰው ለቀልድ አይታሰርም። ስለዚህ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በሙሉ ዕውቀት፣ ዋሸሁት። «የእግዚአብሔር ቃል ነው፣ በዕብራይስጥ» አልሁት።

ገለጥ አድርጎ ፊደሉን አየ። ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ከታጠፈው አቡጀዲድ መሐል ከተተው።

ሌላው ዓመት ሲገባ እኔ ለትምህርት አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ወጣሁ። ስመለስ ማስተማር የጀመርሁት ጊምቢ ነው፤ ቀጥሎ ደምቢ ዶሎ፣ መጨረሻ ነቀምቴ። ነቀምቴ በተዛወርሁበት ዓመት ኦቦ ዲንሳ በከዘራ እየሄደ ቤቴ መጣና እጄን ይዞ ወደ ጸሎት ቤቱ ወሰደኝ። ደብተሩ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነበር። ከሣጥኑ ሥር ቅዱስ ቃል በዕብራይስጥ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የተመረቀ አንድ ልጅ መርምሮት፣ ፊደሉ በእርግጥ ዕብራይስጥ መሆኑን፣ በየገጹም ሙሴ የሚለውን ስም ማግኘቱን መስክሯል። ሞይሼና ሙሴ በዚያ ፊደል አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ ውኃ ሻጩ ነቢይ ሆኖ ጠበቀኝ። መሳቅ ፈልጌ ነበር። ያን ጊዜ ኦቦ ዲንሳ እንዴት እንደ ታሰረ ይነግረኝ ጀመር። የታሰረው ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር በቤቱ ጸሎት ሲያደርግ ተገኝቶ ነው። በሦስተኛው ወር ስድስቱ ተፈቱ። እሱን ግን ደብተሬን የከተተበትን ቆርቆሮ ሲቀብር ጎረቤት አየሁት ብሎ ስለመሰከረበት የት እንደቀበረው ካልተናገርህ አትወጣም አሉት።

«አራት ወር ጨመርሁ» አለኝ። «ያንቺ አደራ ነበር፤ የጌታም ቃል ነበር። አልተናገርሁም።»

ይህን ሲለኝ ፊቱ የሚያበራ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ ከሃያ ዓመት በላይ፣ እውነቱን አልነገርሁትም፤ ደብተሬን መልስልኝም አላልሁም። ሣጥኑ በዓመት አንድ ቀን ይከፈታል፤ በዚያ ቀን ኦቦ ዲንሳ ደብተሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ እኔም ከሕዝቡ መካከል ቆሜ አያለሁ። ለዚህ ዝምታ የማቀርበው ሰበብ የለኝም። ርኅራኄ ነበር የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ እኔ ግን ፍርሃት እንደነበር አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ይዲሽ ሞቷል ብዬ አምን ነበር። አልሞተም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቃል ስፈልግ በኢንተርኔት የገጠመኝ ነገር አስደነገጠኝ። በየከተማው ያሉ ወጣቶች አያቶቻቸው ያፈሩበትን ቋንቋ በስክሪን ተሰብስበው ይማራሉ፣ አዳዲስ ግጥም ይጽፋሉ፣ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃሉ፣ ከሰገነት የወጡ ወረቀቶችን ፎቶ እያነሡ ያከማቻሉ፣ ቲያትር ያሳያሉ። በየማክሰኞው ከሰዓት በኋላ የሚያነብ አንድ ማኅበር ተቀበለኝ። ከአባላቱ አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሌላዋ አፍንጫዋን የተበሳች ተማሪ ናት። ፍቅራቸውን አከብራለሁ፤ ጠባያቸውን አልወደድሁትም። ስለ አንድ የሾርባ ዓይነት ሦስት ሳምንት ተከራከሩ። እኔን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ ከአፍሪካ የመጣችልን ድንቅ ይሉኛል። ቤተ እስራኤል ነሽ ወይ ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ፤ አይደለሁም፣ በክብሪት ቀፎ ነው የተማርሁት ብዬ ስመልስ ጥልቅ ምሳሌ መስሏቸው ጻፉት። በባህል ልብስ ፎቶ ላኪልን አሉኝ። ግራጫ ኮቴን ለብሼ ላክሁላቸው፤ አልተጠቀሙበትም።

ሐና የምትባለው ብቻ የተለየች ናት። የአርባ ዓመት ሴት፣ የቲያትር አዘጋጅና ተመራማሪ፤ በመጀመሪያው ቀን የንባብ ስሕተቴን ያለ ይሉኝታ አርማኛለች። አምስቱን ደብተሮች ተይቤ ስልክላት አድናቆት አልጻፈችልኝም፤ ሦስተኛው ክፍል የት አለ ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሰሞን ወደ ጊዳ አያናና ኪራሙ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ፣ እኛም ኔትወርክ አጥተን ወራት ቆየን። በታክሲ ውስጥ በየትኛው ቋንቋ፣ በምን ያህል ድምፅ እንደምንናገር የምናስብበት ወቅት ነበር፤ ይዲሽን በሹክሹክታ ስለ ተናገሩት ሰዎች ከዚያ በፊት ካነበብሁት ይልቅ በእነዚያ ወራት የገባኝ ይበልጣል። ኔትወርኩ ሲመለስ የሐና መልእክቶች በአንድ ጊዜ ገቡ። ሁሉም አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ሙሽራዋ ምን ትላለች? ጨዋታውን በመጪው ክረምት መድረክ ላይ ልታወጣው ነው። አሥራ አንድ ተጫዋቾች መርጣለች፤ በቁጥሩ ላይ እኔ አላማከርኋትም፣ ራሷ ነች ያሰበችው።

ኦቦ ዲንሳ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የጸሎት ቤቱን ንብረት የሚጠብቀው ልጁ ኦልጅራ ነው፤ በአባቱ ሱቅ ቦታ ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ የስድሳ ዓመት ሰው። ባለፈው ጥቅምት ሄድሁና ሁሉንም፣ ከውሸቴ ጀምሮ፣ ነገርሁት። ባርሲስቱ ብሎ፣ መምህርት ማለቱ ነው፣ ወንበር አቅርቦልኝ ነበር፤ እየተናገርሁ ሳለ እሱ ቆመ።

«ሠርግ?» አለኝ።

«የሠርግ ጨዋታ። ሰው የሚያስቅ።»

«ሙሴስ? ሙሴ በየገጹ አለ ተብሏል።»

«ውኃ ሻጭ ነው። ያነክሳል።»

ደንበኛ ገብቶ ሚስማር ጠየቀ፤ ኦልጅራ መዝኖ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ባርሲስቱ፣ አባቴ ሰባት ወር የታሰረው ለሚያነክስ ውኃ ሻጭ ነው?» አለኝ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ልነጋገር ብሎ አሰናበተኝ። በኋላ እንደ ሰማሁት ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው ግማሹን ነው፤ የውጭ አገር ምሁራን ስለ መጽሐፋችን ጠይቀዋል አላቸው። ኮሚቴው ደስ አለው። ዓለም ሊያየው ከሆነ እንዲህ ተበጣጥሶ አይታይም ተባለ። የጠየቅሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ፎቶ እንዳነሣ ነበር፤ ያገኘሁት ቆዳ፣ መስቀልና የምረቃ መጥሪያ ነው።

ጥር ሃያ አራት በመስታወቱ በኩል የተገለጡትን ሁለት ገጾች አየሁ። አዴ ፍሬዳ የተናጋሪዎቹን ስም በቀኝ ኅዳግ ላይ ነበር የምትጽፈው። በቀኙ ገጽ ላይ ስሞቹ ሁሉ የሉም፤ ንግግር አለ፣ ተናጋሪ የለም። በግራው ገጽ ላይ መቁረጫው የወሰደው የየመስመሩን መጨረሻ ቃል ነው፤ ቀልድ ደግሞ ያለው መጨረሻው ቃል ላይ ነው። የትኛው ቃል የሙሽራዋ፣ የትኛው የእናቷ፣ የትኛው የደላላው እንደሆነ መለየት አይቻልም። መጋረጃውን ገልጣ የወጣችው ሴት መልሳ ከመጋረጃ ጀርባ ገብታለች። ገጹን እንዲገልጡልኝ ጠየቅሁ። ዛሬ የምስጋና ቀን ነው ተባልሁ።

ማግስቱን ማተሚያ ቤት ሄድሁ። የጠረዘችው ሌንሴ የምትባል፣ ሥራዋን በሚገባ የምታውቅ ሴት ናት፤ ቅር አልተሰኘሁባትም። «መጽሐፍ ሲጠረዝ ሦስቱ ጎን ይቆረጣል፣ ባርሲስቱ፤ ያለዚያ እኩል አይሆንም። ይሄ ደግሞ አይጥ በልቶታል» አለችኝ። ብጣሹ የት ገባ ብዬ ጠየቅኋት።

«ኦቦ ኦልጅራ አጠገቤ ቆመው ነበር። ልጠርግ ስል ከለከሉኝ። በጉልበታቸው ተንበርክከው አንድ በአንድ ለቀሙና በፖስታ ከተቱት። ይሄ በመጥረጊያ አይጠረግም አሉ።»

እንግዲህ ይህን አስተውሉ። ኦልጅራ በጉልበቱ ሲንበረከክ እኔ ከነገርሁት ሦስት ወር አልፎ ነበር። የሚለቅመው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የውኃ ሻጭ ስም፣ የደላላ ቀልድ። ወይ አላመነኝም፣ ወይ አምኖኝ አባቱ ስለ ጠበቀው ብሎ ለቀመው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ የማላውቀውን ነገር ነጥብ ነጥብ አድርጎ ማለፍ ከአዴ ፍሬዳ የተማርሁት ነው።

ኦቦ ኦልጅራ፣ ጥቅምት ላይ ለጠየቅኸኝ መልሱ ይህ ነው። አባትህ ሰባት ወር የታሰረው ለሚያነክስ ውኃ ሻጭ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የራሱ እምነት ናቸው፤ ማንም አይወስድበትም። ቀሪዎቹ አራት ወራት የእኔ ናቸው። በእኔ ውሸት የተጨመሩ ናቸው፤ በሕይወት ሳለ ልነግረው ይገባኝ ነበር፣ አልነገርሁትም። ይህን በኅትመት በሚወጣ ጽሑፍ ላይ በስሜ የጻፍሁት፣ ለሽማግሌዎቹ ያልነገርሃቸውን ግማሽ አንተ ከምትሸከመው እኔ ልሸከመው ብዬ ነው። እሱ የጠበቀው ግን ከንቱ ነገር አልነበረም፤ አሥር ሙታን የተናገሩት ቃል ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ደብተሩን መልሱልኝ አልልም። ቆዳው ይቆይ፣ መስቀሉ ይቆይ፣ ከሣጥኑ ሥር የተለጠፈውንም እናንተ እንደፈቀዳችሁ አድርጉት። የምጠይቀው በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንተ ባለህበት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ደብተሩንና ብጣሾቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ እንድገለብጥ ነው። በብጣሹ አንድ ፊት ላይ ስሞቹ፣ በጀርባው የመጨረሻዎቹ ቃላት አሉ፤ ሁለቱንም ለማንበብ ዓይኔ ገና ይችላል።

የሠርጉን ጨዋታ አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ሰማሁ፤ ሙሽራዋን እስካሁን አልሰማኋትም። ስለዚህ እስከ መጋቢት ሠላሳ ቀን ድረስ በጽሑፍ፣ በአንድ ቃል እንድትመልስልኝ እጠይቃለሁ፤ ፖስታው በእጅህ አለ ወይስ የለም?